ስንቅ የሌለው ቼክ

ስንቅ ማለት ለመንገደኛ የሚታሰርለት ምግብ መሆኑን የማያውቅ የለም። እኔም በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ስማር እናቴ ዳቦ ቆሎ ሳታስርልኝ ከደጅ አታስወጣኝም ነበር። ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሻግሬ ሒሳብ ተምሬ፤ ከዚያም በዳንግላ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስሆን ይኸው ቃል በሌላ ትርጉም ገጠመኝ። የሕግ ሰዎች ቼክ ሲጻፍ በባንክ ተቀምጦ መገኘት ያለበትን ገንዘብ ስንቅ ይሉታል፤ ገንዘብ ሳይኖረው የተጻፈ ቼክም «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ላመጣው ሰው ይመለስለታል።

ስለዚህ ነገር ለክቡራን አንባቢዎች ልጽፍ የተነሣሁት ነገሩ ከመዝገብ አልፎ ከገዛ ዘመዶቼ ቤት ስለ ገባ ነው።

ታናሽ እኅቴና ባለቤቷ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል በሚገኘው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ይኖራሉ። በዚያ አገር ገበሬው ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት አሳድጎ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። እነርሱም ያሳደጉትን ዛፍ ለአንድ ነጋዴ በ180,000 ብር ሸጡ። ነጋዴው በኅዳር ዛፉን ሲረከብ በገንዘቡ ፈንታ ቼክ ጻፈላቸው፤ ቀኑንም ጥር 23 አደረገው። ይህ ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ስለ ሆነ በአገራችን ማንም አይረሳውም። «እስከዚያ ግን ወደ ባንክ አትውሰዱት፤ መተማመኛ ብቻ ነው» ሲልም አስጠነቀቃቸው።

በዓሉ አለፈ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ነጋዴው «አዲስ አበባ ያለው ደንበኛዬ የጻፈልኝ ቼክ ባዶ ሆኖ ተመልሶብኛልና ጥቂት ታገሡኝ» አለ። እኅቴም ወደ እኔ መጥታ «ወንድምዓለም፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነጋዴው የልጇ የክርስትና አባት ነበረ። እኔም ሕግ ያውቃል የተባልሁት ሰው ይሉኝታ ያዘኝና «አበልጅሽን ባደባባይ አታዋርጂው፤ ሽማግሌ ላኪና ታገሺ» አልኋት። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ፋሲካ አለፈ፤ ክረምትም ገባ፤ ቼኩም በሣጥን ውስጥ ከልብስ በታች ተቀመጠ። በነሐሴ መጨረሻ ወደ ባንክ ብትወስደው ጊዜው አልፎበታል ተብላ ተመለሰች።

ሕጉ ግን የተሰወረ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ቼክና ስለ ሐዋላ ወረቀት የደነገገው ዛሬም ይሠራበታል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልሻረውምና። በዚህ ሕግ ቼክ እንደ ቀረበ የሚከፈል ትእዛዝ ነው፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ዛሬ ከቀረበ ዛሬ መከፈል ይገባዋል። ለክፍያም በስድስት ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። በጊዜው አቅርቦ ያልተከፈለው ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በተፋጠነ ሥርዓት ለመክሰስ ይችላል፤ ተከሳሹም ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደለት በቀር መከላከያ ለማቅረብ አይችልም። እኅቴ ይህ ሁሉ አምልጧት፣ የቀራት የሽያጩን ውል በምስክር እያስረዳች በረጅሙ መንገድ መሟገት ብቻ ሆነ።

ቀን ተቀጥሮባቸው የሚጻፉት ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም የሐዋላ ወረቀትና የተስፋ ሰነድ ናቸው። እነዚህ በቀናቸው ባይከፈሉ የፈረመው፣ በጀርባው ፈርሞ ያስተላለፈውና ዋስ የሆነው ሁሉ ባንድነት ይጠየቃሉ፤ ሆኖም አለመክፈሉ ብቻውን የዕዳ ነገር ነው እንጂ ወህኒ አያስወርድም። ቼክ ግን እንዲህ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 እንደ ተጻፈው፣ እያወቀ ስንቅ የሌለው ቼክ የሰጠ ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል፤ በቸልተኝነት ያደረገውም ከቅጣት አያመልጥም። ሽማግሌ ገንዘቡን ቢያስታርቅም የወንጀሉን ክስ በራሱ አይዘጋውም።

እንግዲህ ያ ነጋዴ የፈለገው ጊዜ ከነበረ የተስፋ ሰነድ መፈረም ይገባው ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ቼክን የምንቈጥረው አባቶቻችን በምስክር ፊት እንደሚሰጡት ቃል ነው። ቃል ግን ቀን ይጠብቃል፤ ቼክ አይጠብቅም።

ነጋዴው ለሌላ ሰውም እንደዚሁ ቼክ ጽፎ ኖሮ፣ ያ ሰው በጊዜው ለባንክ አቅርቦ አስመልሶታልና በጥቅምት መዝገቡ እኔ ወዳለሁበት ችሎት መጣ። እኔም ነገሩ ዘመዶቼን የሚነካ መሆኑን ለዳኛው አስታውቄ መዝገቡን ለባልንጀራዬ አስረከብሁ። በውሳኔው ቀን ከቢሮ ስወጣ የነጋዴው ሚስት ሕፃን ታቅፋ ከደጃፉ ተቀምጣ አገኘኋት። «ሲፈርም አላየሁም፤ ቼክ ምን እንደ ሆነም አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቤቴ ተዘጋ» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ። ባልዋ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

እኅቴም ቆይታ በሽያጩ ውል ተፈረደላት፤ ነገር ግን ፍርዱ ሊፈጸምበት የሚችለውን ንብረት የቀደሙት ወስደውት ተገኘ። ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ይሄድ የነበረው ልጇ፣ የዚያው ነጋዴ የክርስትና ልጅ፣ በዚያ ዓመት ከቤት ቀረ። እኅቴ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከብዶኛል።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ የቼክ ደብተር ያላችሁ ለባለቤቶቻችሁ የምትፈርሙትን ንገሯቸው፤ የፊርማው ዕዳ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይተርፋልና። ቼክ የተቀበላችሁም ቀኑን ቍጠሩ፤ በወዳጅነት ብትታገሡ እንኳ ትዕግሥታችሁ ከስድስት ወር አይለፍ። ገንዘብ የሌለው ሰው ጊዜ ቢለምን ነውር የለበትም፤ በተስፋ ሰነድ ፈርሞ ይለምን። ቼክ የሚጽፍ ግን እናቴ ታደርገው እንደ ነበረ አስቀድሞ ስንቁን ይሰር።