የአጥንት ከሰሉ ውኃና የመንደራችን ጥያቄ

 

እኛ ቤት ፎቶግራፍ ላይ የሚስቅ ሰው የለም። አምስት እህትና ወንድም ነን፤ የዒድ ፎቶግራፎቻችንን ብታዩ ሁላችንም ከንፈራችንን ገጥመን ቆመናል። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሳችን ነው። ከሞጆ ወደ መቂ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለችው መንደራችን የተወለደ የእኛ ዕድሜ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው፤ የአንዳንዱም ተቦርቡሯል። እናታችን መፋቂያ እየቆረጠች ትሰጠንና «በዚህ አፍ ነው ለሶላት የምትቆሙት?» ትለን ነበር። ድዳችን እስኪደማ ፋቅን፤ አልለቀቀም።

በደሉን ያደረሰብን ትልቅ ውለታ የዋለልን ጉድጓድ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ጉድጓዱ ሳይቆፈር በፊት ከብት የሚጠጣበትን ኩሬ ነበር የምንቀዳው፤ ሕፃናት በተቅማጥ ያልቁ ነበር። ቦኖው ተከፍቶ ንጹሕ ውኃ ሲፈስ በግ ታርዶ ዱዓ ተደረገ። ውኃው ጠርቶ የሚታይ፣ ሽታም ሆነ የከፋ ጣዕም የሌለው ነበር። ታዲያ ማን ይጠርጥረው?

የስምጥ ሸለቆ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ውኃው በዐለቱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጥፍ ድርብ ይበልጣሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካው በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመረ በኋላ የሠራተኞች ልጆች ጥርስ እየበለዘ፣ ብዙ ዓመት የኖሩትም ሠራተኞች አጥንት እየደነደነ መምጣቱን ሐኪሞች አይተዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 (እ.ኤ.አ.) በሸለቆው ያለውን የፍሎራይድ ችግር አጥንተው አሳትመዋል። እኛ በዚያ ዘመን መፋቂያ እየቆረጥን ነበር።

ጥርስ የሚበላሸው ድዱ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ፣ ማለትም ገና በሕፃንነት ነው። ካደገ በኋላ ወደ መንደራችን የመጣ እንግዳ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይኖራል። አጥንቱ ግን አይምረውም። አባታችን መጀመሪያ ሩኩዕ ከበደው፤ ኋላም ሱጁድ መውረድ አቃተው። እርጅና ነው አልን። አዳማ ወስደን ራጅ ካስነሣነው በኋላ ሐኪሙ ከየት እንደመጣን ጠየቀን፤ ስንነግረውም «ውኃችሁ ነው» አለን። አባታችን እስኪሞት ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰገደ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የገባን። የየቤቱን ልጅ ጥርስ እየቆጠርን ጻፍን፤ ማመልከቻ ይዘን ከወረዳ ወደ ዞን ተመላለስን። እናቶች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ አንዷ የልጇን ከንፈር በጣቷ ገልጣ «ይህን ማን ያገባታል?» ብላ ስትጮህ ቢሮው ጸጥ ማለቱን አንረሳውም። (የእኛ እህትም ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለት ጊዜ ቀርታለች።) በመጨረሻ አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ማጣሪያ ሊሠራልን መጣ። ማጣሪያው የአጥንት ከሰል ነው፦ የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ምድጃ ከስሎ፣ ተፈጭቶ፣ ታጥቦ በሮቶ ውስጥ ይሞላል፤ ውኃው ሲያልፍበት ፍሎራይዱን ይይዘዋል። በሞጆ ኦሾ (ኦሮሚያ ሰልፍ ሄልፕ ኦርጋናይዜሽን) ይህን ዐይነት ከሰል በማዘጋጀት ይታወቃል።

መንደሩ «አጥንት» ሲባል ደነገጠ። የምን ከብት? ማን ያረደው? ብለን ጠየቅን። ሰዎቹ ሳይደብቁ መለሱልን፤ የከብት ነው፣ ከየቄራው የሚሰበሰብ ስለሆነ ግን አራጁን መለየት አይቻልም። በሻፊዒ መዝሀብ በሸሪዓ ያልታረደ እንስሳ አጥንት ነጃሳ ነው፤ ማቃጠልም አያጠራውም። እኛ ደግሞ ሻፊዒዮች ነን። ግማሹ መንደር ከቦኖው ቀረ፤ ከባልና ሚስት እንኳ አንዱ እየጠጣ ሌላው የሚተውበት ቤት ነበር።

ሸኻችን አልተቻኮሉም። ጥያቄውን ይዘው አዳማ ዑለሞች ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ ከጁምዓ በኋላ የነገሩን ይህ ነበር፦ በሐነፊ መዝሀብ ከእሪያ በቀር የበክት አጥንትም ቢሆን ንጹሕ ነው፤ የልጅን አካል ከጉዳት ለማዳን ይህን አስተያየት መያዝ ይቻላል፤ ልቡ የሚፈራ ሰው ግን አይነቀፍ፣ የዝናብ ውኃ ያጠራቅም። የዝናብ ውኃ ፍሎራይድ የለውም። አንድ ሽማግሌ ስለ ዉዱእ ሲጠይቁም «ለእሱ የድሮው ቦኖ ይበቃል፤ ፍሎራይድ የሚጎዳው ሲጠጣ ነው፤ የተጣራውን ለመጠጥና ለወጥ ቆጥቡ» አሉ። ይህች ምክር የማጣሪያውን ዕድሜ ሳታስረዝም አልቀረችም።

ስለ ራሳችን ጥፋትም እንናገር። ከሰሉ እየጠገበ ሲሄድ መያዙን ያቆማል፤ ሲያቆምም ውኃው በመልክም በጣዕምም አይለወጥም፤ በመሣሪያ ካልተለካ አይታወቅም። መቀየሪያ እንዲሆን በየጀሪካኑ ገንዘብ እንሰበስባለን ብለን ኮሚቴ አቋቁመን ነበር። ድርቅ በሆነ ዓመት ለድሆች ተውን፤ ቀጥሎ ለዘመድ ተውን፤ ከዚያ ሒሳቡን መጻፍ ተውን። ከሰሉ ደክሞ ኖሮ፣ ስንት ወር የጉድጓዱን ውኃ «የተጣራ» እያልን ለሕፃናት እንዳጠጣን ዛሬም አናውቅም። በዚያ መካከል ጥርሳቸው ይሠራ የነበረ ልጆች አሉ። ይህን ለወላጆቻቸው የነገርናቸው በመስጊዱ ግቢ ቆመን ነው፤ ያን ቀን ማንም ሰው አልሰደበንም፤ ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

አሁን ሒሳቡን የያዙት ሴቶቹ ናቸው። ያልከፈለ አይቀዳም፤ ያጣውን ዕድሩ ይከፍልለታል። የውኃው ናሙናም በየጊዜው ይለካል። አንዳንዱ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል ይላል፤ ማፍላት ግን ፍሎራይዱን አያስወጣውም፣ ውኃው በተነነ መጠን ያወፍረዋል እንጂ። ከሸለቆው የመጣችሁ አንባብያን ይህን ለእናቶቻችሁ ንገሩልን።

ሦስተኛ ጊዜ የታጨችው እህታችን አግብታ የወለደቻት ልጅ ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት የታችኛው የፊት ጥርሷ ወለቀ። ሁላችንም በየተራ አገጯን ይዘን ድዷን እናያለን፤ እሷም ሰልችቷት አፏን ትገጥማለች። አዲሱ ገና አልበቀለም።