አራት ቀጫጭን ሽቦዎች

እ.ኤ.አ. በ1995 በኮሎራዶ የዴንቨር አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ርቆ ሜዳው ላይ ሲከፈት፣ ሥራውን ተከትሎ ብዙ ሐበሻ ወገናችን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዴንቨርና ወደ ኦሮራ ተጠጋ። ታክሲ ነጂው፣ ሻንጣ ጫኙ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለውን ሰፈር ሲመርጥ አንዱ ምክንያት መንገዱ ነበር፤ ታወር ሮድን ይዞ ወጥቶ ፔኛ ቡሌቫርድ ላይ መታጠፍ ነው፣ ወዲያው ሥራ ቦታ ይደረሳል። እኔ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ያወቅሁት እዚያ ሰፈር፣ ከአንድ ታክሲ ነጂ ጎረቤታችን ነው። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም፤ እንደዚያን ጊዜው ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ተምረው ለዓመታት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮሎራዶ መጥተው መሪ ጨበጡ እንጂ የሚፈታ ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም። ሰው አርጅቷል ብሎ ከደጁ ያወጣውን ኮምፒውተር እየሰበሰቡ ጋራዣቸውን ሞልተውት ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ ሌላው ካርታ ሲጫወት፣ እሳቸው ያተሙትን የሊኑክስ መመሪያ በእስክሪብቶ እያሰመሩ ያነባሉ።

በ2006 ሰኔ ወር ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት 6.06 ላይ ደርሶ ወጣ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ድርጅት ዲስኩን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። የፖስታውን እንኳ አያስከፍልም። የጋሼ ዲስኮች ሲደርሱ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ዲስኩን ከትቶ ኮምፒውተሩን ማስነሣት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ሥርዓቱ በሙሉ ከዲስኩ ላይ ተነሥቶ ይሠራል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በነፃ ከፖስታ ሣጥን መውጣቱ ይገርመኝ ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል።

ችግሩ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ሊኑክስ ላይ ድምፅ ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ያሮስላቭ ኪሰላ የሚባል ቼካዊ በ1998 የጀመረው አልሳ፣ በሊኑክስ እምብርት በከርነል 2.6 ላይ የድሮውን የድምፅ ሥርዓት ተክቶ ነበር። አልሳ ደግሞ ሲነሣ መስመሮቹን ዘግቶ መነሣት ልማዱ ነበር። ሳውንድ ካርዱ ይታወቃል፣ ዘፈኑ ይሄዳል፣ ስፒከሩ ግን ጭጭ ይላል። ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰርን ሲከፍቱት ከየመስመሩ ሥር ሁለት የኤም ፊደል ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል፤ ዝግ ነው ማለት ነው። የኤምን ቁልፍ ተጭኖ መክፈት፣ በቀስቱ ከፍ ማድረግ፣ አለቀ። ይህን ያላወቀ ሰው ሥርዓቱን በሙሉ አጥፍቶ እንደገና ይጭን ነበር። ጋሼ ይህን አይታገሡም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉኛል፤ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቀው እንጂ!»

የሚጠየቀውም በቅደም ተከተል ነበር። ኮምፒውተሩ ካርዱን አይቶታል? ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው ትእዛዝ ይመልሳል። አልሳስ ያውቀዋል? ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያለው የካርዶች ዝርዝር ይመልሳል። ሁለት ካርድ ካለ የትኛው ነው ዜሮ ቁጥር የያዘው? መስመሩ ክፍት ነው? ሌላ ፕሮግራም ይዞታል? ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ ሥርዓት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጠጋኝ ከአንቴናው ተነሥቶ እስከ ስፒከሩ ድረስ ድምፁ የት ላይ እንደ ቆመ ይፈልጋል። ሊኑክስ ለጋሼ የተመቻቸው በየደረጃው ያለውን ሁሉ ገልጦ ስለሚያሳይ ነው። የተሸፈነ ነገር አይወዱም፤ የገዙትን ሬዲዮ ሁሉ ክዳኑን ከፍተው ሳያዩ አያዳምጡም ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው የጥላሁን ገሠሠ ሲዲ ነው። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ቅዳሜ ቡና ሲያፈሉ እንዲሰሙት ፈልገው ሰጡን። የኮምፒውተሩ ድምፅ በዚያን ጊዜ ተስተካክሏል፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለ ዘፈን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሲዲው ግን ይሽከረከራል፣ ደቂቃና ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። ፋይሎቹን ለመክፈት ማውንት ልናደርገው ብንሞክር እንቢ አለ። ልክም ነበር፤ የሙዚቃ ሲዲ ላይ ፋይል የለም፣ ተከታታይ የድምፅ መረጃ ብቻ ነው ያለው።

ጋሼ አልተቻኮሉም። የዚያን ጊዜ ድራይቮች ከፊታቸው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳና ትንሽ የድምፅ ማስተካከያ ነበራቸው። ማዳመጫውን ሰኩና ጥቂት አዳምጠው አንዱን ጆሮ ወደ እኔ አዞሩልኝ። ጥላሁን እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሙሉ ድምፁን ለቆ እየዘፈነ። ያኔ ነገሩ በአንድ ጊዜ ጠበበ፤ ዲስኩ ደህና ነው፣ ድራይቩ ደህና ነው፣ ካርዱ ደህና ነው። የጠፋው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው።

ሣጥኑን ከመክፈታችን በፊት ብረቱን እንድነካ አዘዙኝ። የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፤ ክረምት ላይ ምንጣፍ ረግጦ የበር እጀታ የነካ ሰው የሚደርስበትን ያውቃል፣ ያ ብልጭታ ደግሞ የኮምፒውተር ዕቃ ይገድላል። ከፈትነው። ከድራይቩ ጀርባ ሰፊው የመረጃ ኬብል አለ፣ የኤሌክትሪኩ አለ። ከጎናቸው ግን አራት እግር ያላት ትንሽ መሰኪያ ባዶዋን ተቀምጣለች። በቀድሞዎቹ ሲዲ ማጫወቻ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ድራይቩን «ተጫወት» ብሎ ያዘዋል እንጂ ድምፁን ራሱ አያነብም። ድራይቩ ዘፈኑን በራሱ ቀይሮ በአንዲት ቀጭን ኬብል ወደ ሳውንድ ካርዱ ይልካል፤ አንድ ሽቦ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ፣ ሁለቱ መካከል ላይ ግራውንድ። ያቺ ኬብል የለችም። ከጋራዡ ክምር ከሌላ ቀፎ ነቅለው ሰኳት። ገና ዝም ነው። አልሳሚክሰር ውስጥ ሲዲ የሚለው መስመር ለብቻው ተዘግቶ ነበርና ከፈትኩት።

እትዬ ከማእድ ቤት ሆነው «ተገኘ እንዴ?» አሉ። ጋሼ መልስ አልሰጡም፣ ድምፁን ከፍ አደረጉላቸው።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሐበሻ ኮምፒውተር እያቀፈ ይመጣ ጀመር። አንዱ ቤት ድምፁ ለአባት ይሠራል፣ ለልጅ አይሠራም፤ የልጁን መለያ ኦዲዮ የሚባለው ቡድን ውስጥ ማስገባት በቂ ነበር። ሌላው የአማርኛ ፊልም ያለበትን ዲስክ አምጥቶ ምስሉ እየተንገጫገጨ ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል አለን። የድራይቩ ዲኤምኤ ተዘግቶ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን መረጃ በእጁ ሲያመላልስ ኖሯል፤ በኤችዲፓርም ትእዛዝ ተከፍቶለት ፊልሙን እዚያው ጋራዥ ቆመን አየነው። የሠርግ ፎቶ ያለበት ዲስክ አልወጣም ያለበትም መጣ። ዲስክ ማውንት ሲደረግ ሊኑክስ የድራይቩን በር ይቆልፈዋል፣ አንድ ፕሮግራም እየተጠቀመበት ከሆነም አይለቅም። ጋሼ በፊውዘር ትእዛዝ የያዘውን ፕሮግራም ቁጥር አውጥተው «ይኸው፣ ይኼ ነው ያገተብህ» ብለው ለባለቤቱ አሳዩት።

ይህ ሁሉ ብዙ አልቆየም። ኡቡንቱ 8.04 በ2008 ፐልስ ኦዲዮን ይዞ መጣ፣ ፕሮግራሞች በአንድ ካርድ ላይ መሻማታቸው ቀስ በቀስ ቀረ። ሊኑክስ ላይ ኤችዲሲ ይባል የነበረው የሲዲ ድራይቭ ስሙ ኤስአር ዜሮ ሆነ። ያቺ ቀጭን ኬብልም ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጠፋች፣ ድምፁ በመረጃው ኬብል እየተነበበ። በ2011 በፖስታ የሚላከው ዲስክ ቆመ። ዛሬ ከሚሸጠው ላፕቶፕ አብዛኛው የሲዲ ድራይቭ የለውም።

ሲዲዎቹ ግን በየሐበሻው ቤት አሉ፤ ከቪድዮ ቤት የተገዙ፣ ከአገር ቤት በሰው የተላኩ፣ ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የማይገኝላቸው። እኔና ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ በዩኤስቢ በሚሰካ ድራይቭ እያነበብን ወደ ሃርድ ዲስክ እንገለብጣቸዋለን። የምንጠቀመው ሲዲፓራኖያ የሚባል የቆየ ፕሮግራም ነው፤ የተቧጨረ ቦታ ሲያገኝ በቀላሉ ዘሎ አያልፍም፣ ደጋግሞ አንብቦ ያመሳክራል። ባለፈው አንድ የክራር ሲዲ መጨረሻው ዘፈን ላይ ቆሞ አላልፍ አለ። ጋሼ አወጡት፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር ጠርገው መልሰው ከተቱት። ከእራት በፊት ጨረሰ። ስሙንና ዓመቱን ጽፈን የሚቀጥለውን ከተትን።