የእናቴ ንባብ

ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ የምታነበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰው ከንፈር። ጆሮዋ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ የስልክ ድምፅ ከማትሰማበት ደረጃ ከደረሰች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እርሷ ድሬዳዋ፣ እኔ ጅቡቲ ነን፤ በመካከላችን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሐዲድ መንገድ አለ። ኑሮዬን የምመራው ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ፈረንሳይኛ በመተርጐም ነውና ቃል ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሳይጐድል እንዲሻገር ማድረግ ሙያዬ ነው። ይሁንና ባለፈው ዓመት አንድ ቃል ከእኔ ወደ እናቴ ሳይሻገር ቀረ። ስለ ኮምፒዩተር ካሜራ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም የደም ግፊት መድኃኒቷን መጠን ቀነሰላት። የወንድሜ ልጅ የማዘዣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብሁና ማታ በቪዲዮ ጥሪ፣ «እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ሙሉዋን ክኒን አይደለም፤ ግማሿን ነው የምትውጪው» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። ልጁ ስልኩን አስደግፎላት ወደ ጨዋታው ሄዶ ስለነበር ቃሌን የሚደግምላት ሰው በአጠገቧ አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ ከጓሮ ስትመለስ ዞሮባት ጎረቤት ደግፋ አስቀመጠቻት። ለካስ «ሙሉዋን ክኒን» የሚለውን ይዛ የቀረውን አላገኘችውም ኖሯል። ለምን እንዳልገባት ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም፦ «ልጄ፣ ያን ማታ ፊትሽ ጨለማ ነበር፤ ከንፈርሽም እንደ ውኃ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ገባኝ ያልሁሽ።»

ትርጉሜ ትክክል ነበር፤ ያልደረሰው ፊቴ ነው።

በማግስቱ ካሜራ ፍለጋ ወጣሁ። የምኖርበት ራስ ዲካ በባሕር አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ራስ የሚለው ቃል በዐረብኛም እንደ አማርኛው የአካል ስም ሲሆን፣ ወደ ባሕር ሾልኮ ለሚገባ መሬትም ይነገራል። ጅቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በከፊል ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ታገኛለች። በባሕር ሥር ተዘርግተው እዚህ ወደብ ላይ የሚወጡት የመገናኛ ገመዶች ደግሞ ወደብ አልባዋን ኢትዮጵያን ከዓለም ኢንተርኔት ጋር ከሚያገናኟት መንገዶች አንዱ ናቸው። መብራቱ ከዚያ ይመጣል፤ ወሬው ከዚህ ይሄዳል። ሁለቱ አገሮች ይህን ያህል ተሳስረው ሳለ የአንዲት ልጅ ከንፈር ከእናቷ ዘንድ አለመድረሱ አስቆጨኝ።

ሱቅ ውስጥ የጠበቀኝ የቁጥር ውድድር ነበር። ዋጋቸው ዝቅ ካሉት መካከል የሎጂቴክ ሲ270 እና ሲ505 የሚሰጡት ምስል በመጠኑ አንድ ነው፤ 1280 በ720 ነጥብ፣ በሴኮንድ እስከ 30 ምስል። የሁለቱም የጥራት ርቀት ከፋብሪካው ተለክቶ የተቆለፈ ነው። የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ገመድ 1.5 ሜትር፣ የእይታ ስፋቷ 55 ዲግሪ፣ ማይክሮፎኗም ለአንድ ሜትር ያህል ርቀት የታሰበ ነው። የሁለተኛዋ ገመድ 2 ሜትር፣ ስፋቷ 60 ዲግሪ ሲሆን፣ ማይክሮፎኗ እስከ 3 ሜትር እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዋጋዋ ከፍ የሚለው ሲ920 ደግሞ 1920 በ1080 ነጥብ፣ 78 ዲግሪ ስፋትና ሁለት ማይክሮፎን አላት፤ ርቀቱንም ራሷ እየለካች ምስሉን ታጠራለች። ከነዚህ ጎን «4ኬ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት፣ ከሁሉም የረከሰች አንዲት ስም የለሽ ካሜራ ተቀምጣለች።

በዚህ መካከል አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች ካሜራ ያነጣጠሩት በቡና ማፍያቸው ላይ ነበር። ከወንበራቸው ሳይነሡ ቡና መኖር አለመኖሩን ለማየት ነው። ምስሉ ግራጫና 128 በ128 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ለጥያቄያቸው በቂ መልስ ሰጥቷል። እንግዲህ የካሜራ ጥራት የሚለካው ተመልካቹ በሚጠይቀው ጥያቄ ነው ማለት ነው። የእናቴ ጥያቄ ደግሞ «ቆንጆ ሆነሽ ትታዪኛለሽ ወይ?» ሳይሆን «ከንፈርሽ ምን አለ?» የሚል ነው።

ሲ270ን ገዛሁ፤ ሲ920ን ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስሁ፤ ስም የለሿንም ባለሱቁ ለሁለት ቀን እንድሞክራት ፈቀደልኝ። መጀመሪያ የተማርሁት ነገር ስለ ካሜራ ሳይሆን ስለ ብርሃን ነው። ጠረጴዛዬ የተቀመጠው ባሕሩን ከሚያሳየው መስኮት ፊት ስለነበር የከሰዓት ነጸብራቅ ከጀርባዬ ይመጣል። ካሜራ የክፍሉን ብርሃን በጥቅሉ ለክታ ምስሉን ስለምታስተካክል፣ ከኋላ ብርሃን ሲበዛ መስኮቱን ለማዳን ስትል ፊትን ታጨልማለች። ጠይም ፊት ያለን ሰዎች ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠፋው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሌሊቱ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራ እያንዳንዱን ምስል ለመሳል ረዘም ያለ ጊዜ ትወስዳለች። በሴኮንድ 30 የነበረው ምስል ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ የሚንቀሳቀስ ነገርም ይደበዝዛል። በፊት ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ከንፈር ነው። እናቴ «እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል» ያለችው ይህንኑ ነበር። ለከንፈር አንባቢ «በ»፣ «መ» እና «ፐ» በጥሩ ብርሃን እንኳ አንድ መልክ ናቸው፤ ሦስቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ናቸውና። በዚህ ላይ ምስሉ ሲደበዝዝ ምን ይተርፋታል? በስም የለሿ ካሜራ ላይ የተለጠፈው 4ኬም ትንሽ ምስል ተለጥጦ የተገኘ ስለነበር ፊቴን ትልቅ አደረገው እንጂ ግልጽ አላደረገውም።

ትልቅ ምስል ትልቅ መንገድ እንደሚፈልግም መዘንጋት የለበትም። ዙም ባወጣው መመሪያ መሠረት ለሁለት ሰዎች ጥሪ የ720 ምስል 1.2 ሜጋቢት ያህል በሴኮንድ ሲጠይቅ፣ የ1080 ግን 3 ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። መስመሩ ከጠበበ ውዷም ርካሿም ካሜራ በአንድ ቀዳዳ ይሾልካሉ።

እርግጥ ነው፣ ለሌላ ሥራ ሌላ ካሜራ ይሻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወዳጆቼ ልጆች በቀጥታ ስርጭት ፊደል አስተምራለሁ። ገበታውን ወደ ካሜራው ሳስጠጋና ሳርቅ ራሷን የምታጠራዋ ሲ920 ጠቅማኛለች፤ ስፋቷም እኔንና ገበታውን አንድ ላይ ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን ፊደላቱ በገዛ መስኮቴ ላይ ተገልብጠው ባይ ደንግጬ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ፕሮግራሙ እንደ መስታወት የሚገለብጠው ለእኔ የሚታየኝን ብቻ ነው፤ ልጆቹ የሚያዩት ቀናውን ነው።

ለእናቴ ግን ርካሿ ሲ270 በቃች። ጠረጴዛውን አዙሬ ፊቴን ለመስኮቱ ሰጠሁ። ለማታ የጠረጴዛ መብራት ገዝቼ ዓይን እንዳይወጋ ነጭ ወረቀት ጋረድሁበት፤ ካሜራዋንም በሁለት መዝገበ ቃላት ላይ አቁሜ ከአፌ ትይዩ አደረግኋት። በማስተካከያው ውስጥ ለዝቅተኛ ብርሃን ተብሎ የምስሉን ፍጥነት የሚቀንሰውን ምርጫም አጠፋሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የውዷን ካሜራ ዋጋ አይሞላም።

የመጨረሻው ማስተካከያ ምንም ዋጋ አላስከፈለኝም። ዱሮ ተናግሬ ስጨርስ «ገባሽ?» እላት ነበር። እናት ደግሞ ልጇ እንዳትጨነቅ ስትል ሁልጊዜ ገብቷታል። አሁን የምጠይቃት «ምን አልሁሽ?» ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ደርሳ ስትመለስ አዲሱን ትእዛዝ ነገርኋት። ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ አፌን አፌን እያየች ቆየችና፣ «ግማሿን፣ ማታ፣ ከምግብ በኋላ» አለችኝ። ቀጠል አድርጋም፣ «ከስተሻል፤ አትበዪም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያን ያህል አጥርታ ታየኛለች ብዬ አላሰብሁም ነበር።