የስኒ እጣቢ ነው ወይስ ቡና?

በድሪፕ ማሽን ቡና ጉዳይ እኛ ሐበሾች መቼም አንስማማም። አንዱ «ይሄ እኮ የስኒ እጣቢ ነው» ብሎ ገፋ ያደርገዋል፤ ሌላው ያለ እሱ ጠዋት ዓይኑ አይገለጥም። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ሁለቱንም ወገን ስሰማ ነው የኖርኩት። የሚገርመው፣ የሁለቱም ቤት ብትሄዱ የምታገኙት ማሽን ያው ርካሹ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጠቡ የሚጀምረው ከአፈጫጨቱ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣልን ቡና ለጀበና ተብሎ የተፈጨ፣ የላመ ነው። ጀበና ይችለዋል፤ ትንሽ ከታገሡት አተላው ይዘቅጣል። ያንኑ ቡና የወረቀት ማጣሪያ ውስጥ ጨምሩትና ቁሙና እዩ። የላመው ቡና ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ውሃው መውረጃ ያጣል፤ ከላይ ግን መንጠባጠቡን አያቆምም። ቀስ እያለ ይሞላና ክዳኑን አንስቶ፣ ጥቁር ጭቃ በማሽኑ ጎን እየተንዠቀዠቀ ወርዶ ቶስተሩ ሥር ይገባል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ማሽን «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ። ሸከር አድርጎ ማስፈጨት በቂ ነበር።

መጠኑም አለ። ማሽኑ ላይ «12 ስኒ» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ 5 አውንስ፣ ማለትም 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ስኒ ነው። የኛ ሲኒ ከዚያ ያንሳል፤ የቢሮው ትልቅ ኩባያ ደግሞ ሁለቱን ይውጣል። ባለሙያዎቹ ለአንድ ሊትር ውሃ 55 ግራም ገደማ ቡና ይላሉ። ሁለት ማንኪያ ጨምሮ ማሽኑን እስከ አፉ በውሃ የሚሞላ ሰው ቀጠነ ብሎ ባያማርር ጥሩ ነው።

ቅሬታው ሁሉ ግን ውሸት አይደለም። «ውፍረት የለውም» የሚሉት እውነታቸውን ነው። በ1908 ጀርመናዊቷ ሜሊታ ቤንትስ የወረቀት ማጣሪያውን ያወጣችው አተላውንና ምሬቱን ለማስቀረት ነበር፤ ወረቀቱ ከአተላው ጋር የቡናውን ቅባትም ይዞ ያስቀራል። እኛ ምላሳችን ላይ የምንፈልገው ያንን ነው።

«ተቃጥሏል» የሚሉትም አልተሳሳቱም፤ የጠጡበት ሰዓት ነው የለያቸው። ርካሹ ማሽን ፓምፕ የለውም። ውሃው ከሥር ባለው ማሞቂያ ይፈላል፣ አረፋው ወደ ላይ ይገፋዋል። ማንቆርቆሪያው የሚቀመጥበትን ብረት የሚያግለውም ያው ማሞቂያ ነው። ስለዚህ እንደወረደ የቀዳው ደህና ቡና ይጠጣል፤ ሻወር ወስዶ፣ ልጆች አልብሶ የሚመለሰው መራራ ነገር ይጠብቀዋል። ቴርሞስ ላይ ገልብጦ ማሽኑን ማጥፋት ነው መላው። (አቼቶ በውሃ በጥብጦ አልፎ አልፎ ማፍላትም አይርሳ፤ ቱቦው ውስጥ ኖራ ይጋገራል።)

ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ማሽን ታሪኩ ሌላ ነው። ከአሜሪካ የሄደው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከሰኩት የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ይሆናል። ከዚህ ቢተርፍ እንኳ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቡናው ላይ እስኪደርስ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለማሽን ቡና የሚመከረው ከ92 እስከ 96 ነው። ጀበናም እዚያው ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፤ ግን ቡናው ከውሃው ጋር ስለሚቆይ ጉድለቱን ያካክሰዋል። በማሽን የሚያልፈው ውሃ ለዚያ ጊዜ የለውም። «እዚያ ቤትሽ ስጠጣው እንዲህ አልነበረም» ብላ በስልክ የወቀሰችኝ እህቴ እንግዲህ ልክ ነበረች።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልገባኝም። በተጠቀሙበት አተላ ላይ ድጋሚ ውሃ አውርደው «ቶና ነው» ብለው ለእንግዳ የሚያቀርቡ አሉ። እናንተ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ ስኳር ስንት ነው የምትጨምሩበት?