ያየው ሌላ፣ የጻፈው ሌላ

እንዶድን አክሊሉ ለማ አላገኘውም። እንዶድ ድሮም ነበረ፤ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ተክል ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ያስተዋለው (ቀጥለው ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን ነው። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያድረው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ እሷ ከሞተች ትሉ መሻገሪያ ያጣል። ከጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው ወጣት ይህን ያየው ውሃውን ቁልቁል ስለተከተለ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አብዛኛው የወረቀት ነው። ተጨማሪ ምርመራ፣ ደግሞ ሌላ ምርመራ እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከዐድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአክሊሉ ስም ይጠራል፤ የሚገባው ነው። አጣቢዎቹ ባነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ «ሴቶቹ» ናቸው።

*

በ2016 አፋር ውስጥ፣ ወራንሶ ሚሌ በሚባለው የጥናት ቦታ፣ አንድ የአካባቢው አርብቶ አደር መሬት ላይ የመንጋጋ አጥንት አየ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቹ ቀሪውን ፈልገው አገጣጠሙትና 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ ሙሉ ሊባል ጥቂት የቀረው የራስ ቅል ሆነ። በ2019 ኔቸር ላይ ታተመ። የቅሪተ አካሉ መለያ የተወሰደው ከተገኘበት ቦታ ስም፣ ከሚሮ ዶራ ነው። ከዚያ በፊት በ2013 እዚያው አፋር፣ ሌዲ ገራሩ ላይ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን መንጋጋ ያየው ቻላቸው ሥዩም ነበር፤ ያኔ አሪዞና ውስጥ ገና ተማሪ ነው።

በዚህ ረገድ የአጥንት ፈላጊዎቹ ሙያ ከሌሎቹ ይሻላል። አጥንቱን ማን እንዳየው ይነገራል፤ አንድ አጥንት አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ዓይን ስለሚገኝ መሸሸግም አይመች። በመጠይቅ የሚሠራው ጥናት ግን ያየውን ሰው ገና ከመጀመሪያው ይውጠዋል።

*

«የቤተሰብዎ የዓመት ገቢ በብር ስንት ነው?» ይላል መጠይቁ። ገበሬው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰው በታች አላደረገንም» ይላል። መረጃ ሰብሳቢው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አበሉ የሚታሰበው በቀን ነው፣ ገና ብዙ ቤት ይቀረዋል። ምስጋናውን ወደ ብር ይመነዝረዋል። ያቺ ቁጥር ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ትገባለች፣ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር አማካይ ትሆናለች፣ ሰንጠረዥ ላይ ስትወጣም ኮከብ ይወጣላታል።

ገበሬው አልዋሸም። ወረቀት ይዞ ደጁ የቆመ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ከኑሮው ያውቃል። ግብር ገማች ይሆናል፤ መሬት ለኪ ይሆናል፤ የእርዳታ ስም መዝጋቢም ይሆናል። ለፊተኞቹ ሁለት ከብቱን ያሳንሳል፣ ለሦስተኛው ቤተሰቡን ያበዛል። የስምምነት ቅጹ ተነቦለት «ለትምህርት ብቻ ነው፣ ጥቅምም ጉዳትም የለውም» ሲባል ጥርጣሬው ይብሳል። ጥቅምም ጉዳትም ለሌለው ነገር ማን ከዩኒቨርሲቲ ድረስ ይደክማል?

ገጠር ሄዶ የሠራ አጥኚ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሻይ ቤት ሲቀመጥም እየሳቀ ያወራዋል። የጥናቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ግን የሚጻፈው መጠይቁ አስቀድሞ መሞከሩና ከተመረጡት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም መመለሳቸው ነው። የሻይ ቤቱ ወሬ ቢታተም ከሰንጠረዡ ይልቅ እሱን ባነበብኩ።

*

የመመረቂያ ጽሑፎችን የናሙና ቁጥር ብቻ እያወጣ የሚያይ ሰው ይደነቃል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ወገን ወደ 400 ተጠግቶ ይቆማል፤ የያማኔ ቀመር በ5 በመቶ የስሕተት ልክ ሲሠራ ሕዝቡ ምንም ቢበዛ ከ400 አያልፍም። የጤናው ወገን 384ን ይዞ፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ጨምሮ 422 ወይም 423 ላይ ያርፋል። ችግሩ ወባ ይሁን የእናቶች ደም ግፊት፣ ወረዳው ቆላ ይሁን ደጋ፣ 422 ሰው።

ይህ 384 የሚመጣው የችግሩ ስርጭት 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። 50 በመቶ የሚወሰደው ደግሞ ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ሁለተኛው ምዕራፍ የቀደሙ ጥናቶችን ገጽ በገጽ ሲዘረዝር ይቆይና ሦስተኛው ምዕራፍ «ጥናት አልተገኘም» ብሎ 50 በመቶ ይወስዳል። ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ሰው ነው የጻፋቸው።

*

የምስጋና ገጽ ቅደም ተከተል አለው። እግዚአብሔር ወይም አላህ፣ አማካሪው፣ ወጪውን የሸፈነው ተቋም፣ ሚስት ወይም ባል፣ ጓደኞች። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከመጨረሻ ሁለተኛ ናቸው፣ በጅምላ። ሾፌሩን ያመሰገነ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ያን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

*

የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ ገልጾ ለማሳተም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1980 ሥራ ጀመሩ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ነው። መጀመሪያ የታተመው ቅጽ 3 ነበር፣ በ1989። ቅጽ 1 የወጣው በ2009 ነው። ሥራው ከተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ከኢንጋ ሄድበርግ ወደ ሰብስቤ ደምሰውና ወደ ሌሎች እጅ እየተሻገረ መንግሥት ተለወጠ፣ ኤርትራ አገር ሆነች፣ ቅጠሉ አራት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በጋዜጣ መካከል ሲደርቅ ኖረ። ሰብስቤ በ2016 የእንግሊዙ ኪው ዕፅዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳልያ ተሰጠው።

ዛሬ አንድ ሌክቸረር ተነሥቶ «ለ30 ዓመት አንድ መጽሐፍ ላይ እሠራለሁ፣ የመጀመሪያው ቅጽም መጨረሻ ላይ ይወጣል» ቢል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለጤናው ያስብለታል። ለረዳት ፕሮፌሰርነት የሚቆጠረው መጣጥፍ ነው፤ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ተጨማሪ መጣጥፍ፤ ለፕሮፌሰርነት ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንድ ዶክትሬት እንደ ዶሮ 12 ብልት ይወጣለታል፤ ፈረሰኛው ለትልቁ ጆርናል ይሄዳል፣ አንገቱም አይጣልም፣ የሚቀበለው አይጠፋም።

*

የሚቀበለው እንዴት ይጠፋል! ትናንት የተቀጠረውን ረዳት ምሩቅ «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ኢሜይል የሚልክለት ጆርናል አለ። በሳምንት ገምግሞ ያትማል፤ ግምገማው አንድ ኮማ ማስተካከል ነው፣ ክፍያው በዶላር። ዶላሩ ከየት ይመጣል? ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ነው። ቨርጂኒያ ያለች እህት ለወንድሟ ማዕረግ መክፈሏን ሳታውቅ ከፍላለች፤ «ለትምህርት ነው» ብሏታል።

በነዚህ ጆርናሎች መሳቅ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ጥሩዎቹም ብዙ ጊዜ ማስከፈላቸው ነው። አንባቢው በነፃ እንዲያነብ ጸሐፊው የሚከፍለው ገንዘብ ከእኛ አገር መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ሲበልጥ፣ ለድኻ አገር ቅናሽ አለ ይባላል፤ ቅናሹን ለማግኘት ሌላ ደብዳቤ።

*

ገቢሳ ኤጀታ ከዓለማያ ተነሥቶ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጣ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አገኘበት። አቀንጭራ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ያን ኬሚካል ለመያዝ ዘር አዳቃይ ብቻውን አይበቃም፤ ገቢሳ ላሪ በትለር ከሚባል ባዮኬሚስት ጋር ሠራ። በእኛ ግቢዎች «ባለ ብዙ ዘርፍ» የምትለው ቃል ያልገባችበት ፕሮፖዛል የለም። ገንዘቡ ሲለቀቅ እያንዳንዱ ዘርፍ ድርሻውን ይዞ ቢሮው ይገባል።

*

ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። 9,000 ያህል ናቸው። የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ደርግ በላካቸው ወታደሮች ጥይት ተመቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሚኒሶታ ደርሶ እነዚያን ፊልሞች ሲያነብና ሲመዘግብ አሥርት ዓመታት ቆየ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው፣ በ2021 አረፈ።

ካታሎግ መሥራት ከምሁራን ሥራ ሁሉ ምስጋና የሚያንሰው ነው። ካታሎግ ሠሪ ንድፈ ሐሳብ የለውም ይባላል። ይህ መጽሐፍ ስንት ቅጠል አለው፣ ማን አስጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን፣ ኅዳጉ ላይ የማን ርስት ተመዝግቧል፤ ይህን ያለ ስሕተት ለመጻፍ አንድ ሰው ግእዙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓትና የነገሥታቱን ታሪክ አንድ ላይ ማወቅ አለበት። ዛሬ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የሚጽፍ ዶክተር ከካታሎጉ አንድ የብራና ቁጥር ጠቅሶ ያልፋል። ቁጥሩ ጀርባ አንድ ሰው ፊልሙን ሲያገላብጥ ውሏል፤ ከዚያ ጀርባም ዕቃ ቤቱን ለካሜራ የከፈተ ቄሰ ገበዝ አለ።

*

በ1993 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ የቀዶ ሕክምናው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል። ብዙ ያልተባለለት፣ ግማሽ ላይ የቀረው የተማሪ ጽሑፍ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ሲሄድ መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀራል። «ይህን ሰነድ አትመነው፣ ጸሐፊው ከእገሌ ጋር ተጣልቶ ነበር» የሚለው ግን ለተማሪው በጆሮ የሚነገር ነው፤ ነጋሪው ሲባረር ደመወዝ ጨምሮ ሌላ ሰው በመቅጠር አይተካም።

*

ጎበዝ የተባለው ተመራማሪ የት ነው? ቢሮው ዝግ ነው። ኮንሰልታንሲ ላይ ነው። አልፈርድበትም፤ የቤት ኪራይ በኢምፓክት ፋክተር አይከፈልም። አንድ ለጋሽ የሥራ ዝርዝር (ቲኦአር) ያወጣል፣ እሱ ተወዳድሮ ያሸንፋል፣ ከዩኒቨርሲቲው በጀት ጨርሶ ሊያገኘው በማይችለው ገንዘብ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል፣ ጥሩ መኪና፣ ጥሩ መረጃ ሰብሳቢ፣ በቂ ጊዜ። በዕድሜው ከሠራቸው ጥናቶች የተሻለው ይኸው ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ በጠመዝማዛ ሽቦ ተጠርዞ ይቀርባል፤ ተማሪዎቹ አያዩትም፣ ሲቪው ላይም አንድ መስመር ነው። የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥናቱ ውስጥ ያለው አስተያየት የአጥኚው ብቻ እንደሆነና ድርጅቱን እንደማይመለከት ተጽፏል። ውሉ ላይ ደግሞ መረጃው በሙሉ የድርጅቱ ነው፤ አጥኚው ሊያትመው ቢፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቃል። የጠየቀ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ተቀይሯል፣ አዲሷ ኃላፊ ሪፖርቱን እንዲልክላት ጻፈችለት።