አረንጓዴው ብርቱካንና የእናቴ ምስጢር

እውነቱን ተናግሬ እፎይ ልበል! ካገባሁ ጀምሮ ለባለቤቴ ቤተሰቦች «እናቴ ነጋዴ ነበረች» እያልኩ ስዋሽ ነው የኖርኩት።

የ1992 ዓ.ም. ገና ማግስት ነው። መቼም በዚያ ወቅት የእንጦጦ ግርጌ ብርድ አጥንት ዘልቆ ይገባል። ባለቤቴን ኑራ ኤራ የሚሠራ ጓደኛው ጋብዞት ልጆቹን፣ አማቴንና እናቴን ይዘን ወረድን። አዳማን ስናልፍ ጋቢው ሁሉ ተወለቀ። እርሻው በአዋሽ ውኃ የሚለማ የብርቱካን ጫካ ነው። ባሕር ዛፍ ብቻ ለለመደ የእንጦጦ ልጅ ገነት በሉት!

ትልቁ ልጄ አንዱን ፍሬ ጎትቶ ሊበጥስ ሲል እናቴ «ተው! በመቀስ ነው የሚቆረጠው፤ ልጣጩ ከተቀደደ ቶሎ ይበሰብሳል» አለችው።

«አረንጓዴ ነው እኮ እማማ፣ አልበሰለም!»

ሳቀች። «በቆላ ሌሊቱም ስለሚሞቅ ልጣጩ ቶሎ ቢጫ አይሆንም። ውስጡ ግን ማር ነው።»

አማቴ ገርሟቸው «ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?» አሏት። ልቤ ቀጥ አለች!

«እዚሁ ስለቅም አይደል እንዴ ልጄን ያሳደግኳት፤ በጀርባዬ አዝዬ» አለች፣ ምንም ሳትሳቀቅ።

አማቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የእናቴን እጅ ሳሙ። ለካ ያፈርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ!

በመልሱ መንገድ ጆሮዋ ሥር «ይቅር በይኝ እማዬ» አልኳት። «ብርቱካኑን ላጪና ለልጆቹ አካፍዪ» ብቻ አለችኝ።

እናንተዬ፣ ያሳደገ እጅ አይታፈርበትም። የአያታቸውን ሥራ ከልጆቻችሁ ደብቃችሁ ከሆነ፣ እሷ በሕይወት እያለች ንገሯቸው።