ካርታው ከመጣሉ በፊት
ሲልቨር ስፕሪንግ ማለት «የብር ምንጭ» ነው። ስሙ የመጣው ፍራንሲስ ብሌር የተባለ ሰው በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ ካገኘው፣ አሸዋው ከሚያብለጨልጭ ምንጭ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ከዋሽንግተን በባቡር መጥቶ ወደ ጆርጂያ ጎዳና የወጣን ሰው የአማርኛ ማስታወቂያና የቡና ሽታ ይቀበለዋል።

የልጅ ልጅ ለመጠበቅ የሄዱ ወላጆች ግን ይህን ብዙም አያዩትም። ጠዋት ልጆቹ ወደ ሥራና ትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ ቤት የሚቀረው አንድ አረጋዊና አንድ ቴሌቪዥን ነው። የደም ግፊት ኪኒን ይህን አያክመውም።

እዚያ ባለ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ማክሰኞ ማክሰኞ ብሪጅ ይጫወታሉ። ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ የአገራችን ሰው ከአንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ጋር ተጣምረው ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጨዋታው የአራት ሰው ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በ52 ካርታ ይጋጠማሉ። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ 13 ዙር አለ። አሁን ያለውን የነጥብ አቆጣጠር ያወጣው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ቱጃር ነው፤ በ1925 እ.ኤ.አ. በፓናማ ቦይ በምታልፍ መርከብ ላይ ሆኖ። (ሀብታም ሥራ ሲፈታ ይኸው ነው!)

ጋሼ 9 ዙር ሊበሉ ቃል ገብተዋል። ባላጋራ ጥቁር ልብ ጣለ፤ ሴትዮዋ ካርታቸውን ገልጠው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ዝም አሉ፤ ሕጉ ነው፣ ምክር የለም። ጋሼም አልቸኮሉም። የሁለቱን እጅ ቆጠሩ፦ ከጥቁር ልብ አስና ንጉሥ፣ ሁለት። ከቀይ ልብ ከአስ እስከ ንግሥት፣ ሦስት። ከቀይ አልማዝ አስ፣ አንድ። ስድስት ሆነ፤ ሦስት ጎደለ። ከአበባው አስ የለም፤ ከንጉሥ እስከ አስር ግን በእጃቸው ነው። አንዱን ለአስ ከሰጡ ሦስቱ ይተርፋሉ።

ጀማሪ ቢሆን አስ አሱን ቶሎ ቶሎ ይጥል ነበር። ያኔ ባላጋራ በአበባው አስ ሲገባ የሚያቆመው አያገኝም። እሳቸው ግን በጥቁር ልብ ንጉሥ በልተው፣ አስና ሌላውን ሁሉ እንዳለ አስቀምጠው አበባ ጣሉ። ኦፕራሲዮን ክፍል ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ጋዙን የምንቆጥረው ትዝ አለኝ።

ባላጋራ በአስ ገባ፤ ጥቁር ልብም ደገመ። ጋሼ በያዙት አስ በሉ፤ ከዚያ የቀሩትን ሰባቱን አንድ በአንድ አወረዱ። ዘጠኝ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ጨበጧቸው። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ የልጅ ልጃቸው አውቶቡስ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። አንድ ዙር ካርታ ለማደል ጊዜ ነበራቸው።